እርማት፦ ዕጢው ከራጅ ላይ ጠፋ ማለት ሕክምናው አለቀ ማለት አይደለም

ዶክተር ሚን ቺው ሊን ለማስታወስ ደሴ ላይ በወጣው ጽሑፍ ስለ ካንሰር መድኃኒቱ ሜቶትሬክሴት «ሜቶትሬክሴትን የፈጠሩት እሳቸው ናቸው፤ ዕጢው ከራጅ ሲጠፋ መድኃኒቱ ይቆማል» ተብሏል። ሁለቱም ስህተት ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ሰው ይጎዳል።

መድኃኒቱ ከእሳቸው በፊት ነበረ። ከቻይና በ1947 እ.ኤ.አ. ወደ አሜሪካ የሄዱት ሊ ያመጡት አዲስ ነገር የማቆሚያውን ጊዜ መለየት ነው። በ1950ዎቹ አጋማሽ በብሔራዊ የካንሰር ተቋም የእንግዴ ልጅ ካንሰር የያዛቸውን ሴቶች ሲያክሙ፣ የሳንባው ዕጢ ከራጅ ከጠፋ በኋላም በእርግዝና ጊዜም የሚታየው ኤች ሲ ጂ የተባለው ሆርሞን በሽንታቸው ውስጥ እንዳለ አዩ። ሆርሞኑን የሚያመነጩት የካንሰሩ ሴሎች ስለሆኑ፣ እስኪጠፋ ድረስ መርፌውን ቀጠሉ። አለቆቻቸው ዕጢ ለማይታይባት ሴት መርዛማ መድኃኒት መስጠታቸውን ተቃውመው ከሥራ አስወጧቸው። እውነቱ የእሳቸው ነበር፤ በ1972 የላስከርን ሽልማት ከተጋሩት አንዱ ሆኑ።

ዛሬ በዚህ ካንሰር ዝቅተኛ ሥጋት ላላቸው ሕሙማን አንዱ የተለመደ አሰጣጥ በ1ኛ፣ 3ኛ፣ 5ኛና 7ኛ ቀን 50 ሚሊግራም ሜቶትሬክሴት በጡንቻ፣ በየማግስቱም የመድኃኒቱን ጉዳት የሚቀንስ 15 ሚሊግራም ፎሊኒክ አሲድ በአፍ ነው፤ በየ2 ሳምንቱ ይደገማል። ሆርሞኑ መደበኛ ከሆነ በኋላም 3 ዙር ይጨመራል። ከወረኢሉ ወይም ከመቅደላ ደሴ መመላለስ ከባድ ነው፤ ቢሆንም የፋርማሲው የሽንት እርግዝና መመርመሪያ መጠኑን በቁጥር የሚያሳየውን የደም ምርመራ አይተካም። ሕክምናው ካለቀ በኋላ 1 ዓመት ማርገዝም አይመከርም፤ አዲስ እርግዝና ሆርሞኑን ስለሚያንረው በሽታው መመለሱን ይሸፍናል።