ማስተካከያ፦ ስለ ምዕራብ ሳህራ የራስ ገዝ እቅድ

ባለፈው ጽሑፌ «የተባበሩት መንግሥታት በ1999 ለምዕራብ ሳህራ የራስ ገዝ እቅድ አቀረበ» ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ። ጅማ፣ ሄርማታ ሰፈር ቡና እየጠጣን አንድ አስተማሪ ወዳጄ ጽሑፉን ስልኩ ላይ ከፍቶ መስመሩን በጣቱ አሳየኝ። አመሰግነዋለሁ።

እቅዱን ያቀረበችው ግዛቱን የራሴ ነው የምትለው ሞሮኮ ናት። 1999 ደግሞ በእኛ አቆጣጠር ነው፤ በፈረንጆቹ ኤፕሪል 2007።

ከሁሉ የሚቆጨኝ ግን ለምዕራብ ሳህራ ነፃነት የሚታገለውን ንቅናቄ፣ ፖሊሳሪዮን፣ መዝለሌ ነው። እሱም በዚያው ሰሞን የራሱን ሐሳብ አስገብቷል፤ ዋናው ልዩነትም እዚያ ላይ ነው። በሞሮኮ እቅድ አካባቢው የራሱ ምክር ቤትና ፍርድ ቤት ይኖረዋል፤ መከላከያና ውጭ ጉዳይ ራባት ባለው የሞሮኮ መንግሥት እጅ ይቆያል። ሕዝቡ በእቅዱ ላይ ድምፅ ይሰጣል፤ ነፃነት ግን ምርጫው ውስጥ የለም። ፖሊሳሪዮ ነፃነትም ይካተት ይላል።