መንገዱ ደረቀ፣ ጨውስ?

አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ውስጥ በረዶ ሲጥል መጀመሪያ የምሰማው የጨው መኪናውን ነው። ገና ሳይነጋ ያልፋል። በረዶውን ለማቅለጥ ከኋላው የሚበተነው ጨው አስፋልቱ ላይ እንደ ጠጠር ይንኮሻኮሻል።

እኔ የመጣሁት ጨው አሞሌ ተብሎ እንደ ገንዘብ ከሠራበት አገር ነው። ዛሬም አፋር ውስጥ ሰው በዚያ ሐሩር በእጁ ፈልጦ ግመል ላይ ይጭነዋል። ስለዚህ ጨው በመኪና ሲደፋ ሳይ ደነገጥኩ። «ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነው ብለው ይጥሉሃል» እንላለን። እዚህ ግን የሚጣለው ጨው ስለሆነ ነው።

ጥቅሙን አልክድም። ልጆቼን ትምህርት ቤት የማደርሰው በዚያው መንገድ ነው፤ ጨው ባይኖር ስንቱ ሰው ይሞት ነበር። የሚያሳስበኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። መንገዱ ሲደርቅ ሁሉም ነገር ያለቀ ይመስለናል። ጨዉ ግን ከበረዶው ጋር ቀልጦ ወርዷል። የት ሄደ ብሎ የሚጠይቅ የለም።

ሁለት ክረምት ፓርኪንግ ከበረዶ የሚያጸዳ ድርጅት ውስጥ ሠርቻለሁ። ትእዛዙ አጭር ነበር፤ መሬቱ ነጭ እስኪሆን በትኑ። ምክንያቱ ክስ ነው። አንድ ሰው አንሸራትቶት ቢወድቅ ባለቤቱ ይከሰሳል፤ ጨው አበዛህ ተብሎ የተከሰሰ ግን አላየሁም። ኒው ሃምፕሻየር የተባለችው ግዛት ይህን አይታ፣ ሠልጥኖ የምስክር ወረቀት የያዘ በረዶ ጠራጊን ከእንዲህ ዓይነቱ ክስ የሚከላከል ሕግ አውጥታለች። ትልቅ ነገር ነው። ፍርሃቱ ካልቀነሰ ጨዉም አይቀንስም።

ከፓርኪንጉ ጀርባ ትንሽ ረግረግ አለ። ስንጠርግ የከረምነው በረዶ ተራራ ሆኖ የሚቆለለው እሱ ዳር ነበር። መጋቢት ላይ ሲቀልጥ ቀጥ ብሎ ወደዚያው ይገባል። ዳር ዳሩን ነጭ መስመር ይቀራል። ከፊላ በቀር ሌላ ተክል አላየሁበትም። ያን ጊዜ ምንም አልመሰለኝም፤ በኋላ ሳነብ ነው የገባኝ። ፊላና ሸምበቆ ጨው ይችላሉ፤ ሌላው ሲሞት ቦታውን ይወርሳሉ።

ጨው ከሶዲየምና ከክሎራይድ ነው የተሠራው። ክሎራይዱ አይበሰብስም፣ አይተንም። ረግረግ ብዙ ቆሻሻ ያጣራል፤ ይህን ግን አይችልም። አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው 19 ሊትር ያህል ውሃ ለመበከል ይበቃል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1988 ያወጣው መመዘኛ በሊትር 230 ሚሊ ግራም ክሎራይድ ነው። ከዚያ በታችም ቢሆን ውሃ ውስጥ ያሉ ጥቃቅን እንስሳት ይሞታሉ። እነሱ ናቸው አልጌውን የሚበሉት። እነሱ ሲያልቁ ውሃው አረንጓዴ ይለብሳል። ጨው በበዛባቸው የመንገድ ዳር ኩሬዎች ብዙ የእንቁራሪት እንቁላል ሳይፈለፈል ይቀራል። ጨዋማ ውሃ ደግሞ ከባድ ነው፤ ታች ይተኛል፤ የላይኛው ውሃ ከታችኛው ጋር ስለማይደባለቅ ታች ያለው አየር ያጣል። የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እንዳሉት በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል አካባቢ ከሚበተነው ጨው 70 በመቶ ያህሉ እዚያው ይቀራል። በየዓመቱ አዲሱ በአሮጌው ላይ ይጨመራል ማለት ነው።

ይህን ሳስብ በሰቃ ሐይቅ ይመጣብኛል። መተሐራን ያለፈ ሁሉ ያውቀዋል። በ1950ዎቹ መጨረሻ (በፈረንጅ) 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነበር፤ ዛሬ ከ40 በላይ ነው። የከርሰ ምድር ውሃና ከመስኖ እርሻ የሚተርፈው ውሃ እያሳበጡት ለግጦሽና ለእርሻ የሚሆነውን መሬት ዋጠ፤ መንገዱንም አስጨነቀ። ውሃው ጨዋማ ነው። እንዳይሰፋ ተብሎ ወደ አዋሽ በቦይ ይለቀቃል፤ ታች ደግሞ በአዋሽ የሚያርስና ከብት የሚያጠጣ ሕዝብ አለ።

ሁለቱ አንድ አይደሉም፤ የበሰቃ ጨው በመኪና አልተበተነም። የሚያመሳስላቸው ከላይ ያለው ችግሩን ሲያቃልል ታች ያለው መቀበሉ ነው። እኛ ጋ ቢያንስ ሐይቁ ሲሰፋ በዓይን ይታያል። እዚህ ረግረጉ ጨዋማ ሲሆን ከመንገዱ የሚያየው የለም።

እኔ አሁን ደጄ ላይ የምበትነው በቡና ኩባያ ለክቼ ነው። አንድ ትልቅ ኩባያ 6 ሜትር ለሚሆን የመኪና መግቢያ ይበቃል። መጀመሪያ በአካፋ እጠርጋለሁ። ብርዱ ከዜሮ በታች 9 ዲግሪ ካለፈ ተራ ጨው እምብዛም ስለማይሠራ አሸዋ እጠቀማለሁ። በረዶው ከሄደ በኋላ የቀረውን ደረቅ ጨው ደግሞ ዝናብ ሳይቀድመኝ በመጥረጊያ እሰበስባለሁ። ባለፈው መጋቢት ከራሴና ከጎረቤቴ ደጅ ግማሽ ባልዲ መለስኩ።