አቦ፣ ፕሮሰሰር ልቀይር ብል ኮምፒውተሩን ሁሉ ቀይር ተባልኩ!

ድሬዳዋ፣ ከዚራ አካባቢ የሰርግ ቪዲዮ ኤዲት እሠራለሁ። የዴስክቶፔ ፕሮሰሰር የኢንቴል አይ ፋይቭ 6500 ነው፣ ስድስተኛ ጀነሬሽን (ትውልድ)። ማዘርቦርዱ (ሁሉም ዕቃ የሚሰካበት ዋናው ሰሌዳ) ደህና ነው፣ ራሙ ደህና ነው፣ ፓወር ሰፕላዩ ደህና ነው። የደከመው ፕሮሰሰሩ ብቻ ነው። ፎር ኬ ቪዲዮ ከጫንኩበት ይቆማል። ታዲያ የደከመውን ብቻ ነቅሎ ሌላ መትከል ምን ይከብዳል?

ታይዋን ገበያ ሄጄ ጠየቅኩ። ልጁ ስምንተኛ ጀነሬሽን አወጣልኝ። ከእኔው ጎን አስቀመጥነው። ስፋታቸው አንድ፣ ጠርዛቸው ላይ ያለው ቁርጥ አንድ፣ የሁለቱም ሶኬት (ፕሮሰሰሩ ቦርዱ ላይ የሚገባበት ቦታ) 1151። «ይገባል» አለኝ። ገባ! ፋኑ ዞረ፣ ስክሪኑ ግን ጨለማ።

ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2017 ስምንተኛውን ሲያወጣ የሶኬቱን ቁጥር እንዳለ ትቶ አዲስ ማዘርቦርድ ግዙ አለ። ኮሩ (ሥራ የሚሠራው የፕሮሰሰሩ ክፍል) ስለጨመረ ተጨማሪ ኃይል ያስፈልገዋል ተባለ። ግን እኮ ሙያውን የሚያውቁ ሰዎች ባዮሱን (ቦርዱን የሚያስነሳውን ሶፍትዌር) ቀይረው፣ የፕሮሰሰሩን አንዳንድ መገናኛዎች ሸፍነው በአሮጌ ቦርድ አስነስተውታል። የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። አይቻልም ቢሉኝ እሺ እል ነበር። ሲቻል ነው የከለከሉት!

«እንግዲያው ባዮሱን አፕዴት አድርገህ ሰባተኛ ጀነሬሽን የሆነውን አይ ሰቨን 7700 ክተትበት» ይሉኛል። ይሠራል፣ ግን ዊንዶውስ 11 በይፋ አይቀበለውም። ዊንዶውስ 10 ደግሞ ጥቅምት 2018 ዓ.ም. መደበኛ ድጋፉ አብቅቷል። መንገዱ ለተዘጋ ዕቃ ገንዘብ ላውጣ?

ከዚያ ወዲህማ ሶኬቱ መቼ ቆሞ ያውቃል? እ.ኤ.አ. በ2020 ሶኬት 1200፣ በ2021 ሶኬት 1700፣ በ2024 ሶኬት 1851። የኢንቴል ተፎካካሪ ኤኤምዲ ይሻላል፤ ኤኤም ፎር የሚባለው ሶኬታቸው ከመጀመሪያው ራይዘን ፕሮሰሰራቸው እስከ 5000ዎቹ ድረስ አገልግሏል። ባዮስ ይጠይቃል እንጂ ቦርድ ጣል አይልም። ለደንበኛ ማሰብ ማለት እንደዚህ ነው። አዲሱ ኤኤም ፋይቭ ግን ዲዲአር ፋይቭ የተባለውን አዲስ የራም ዓይነት ብቻ ነው የሚቀበለው፤ ያኔ ዲዲአር ፎር የሆነው ራሜም ተጣለ ማለት ነው።

ውጭ አገር ላለ ሰው ቦርድ መቀየር ቀላል ይሆናል። እኛ ጋ ዕቃው በዶላር ነው የሚገባው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ይተመን ከተባለ ወዲህ ዋጋው የት እንደደረሰ የገዛ ያውቀዋል። ለአንድ ፕሮሰሰር ብዬ ቦርድ፣ ራም፣ ኩለር ስጨምርበት የስንት ሰርግ ገቢ ነው የሚሄደው?

ሻጮችም እባካችሁ፣ «ይገባል» ከማለታችሁ በፊት የሰውየውን ማዘርቦርድ ሞዴል ጠይቁ። ሶኬቱ ብቻ አይበቃም፣ ቺፕሴቱንም (ቦርዱ የትኛውን ፕሮሰሰር እንደሚቀበል የሚወስነውን ቺፕ) እዩ።

ለጊዜው የወሰንኩት አይ ፋይቭ 12400 ነው። የ1700 ቦርዶች አንዳንዶቹ ዲዲአር ፎር ስለሚቀበሉ ቢያንስ ራሜ ይተርፍልኛል። የድሬ ልጆች፣ ኤች 610 ወይም ቢ 660 ቺፕሴት ያለው የዲዲአር ፎር ቦርድ ያያችሁ ከነዋጋው ኢንቦክስ አድርጉልኝ። ዲዲአር ፋይቭ የሆነውን አትላኩልኝ።