ማነው ግሪን ቲ «ካፌይን የለውም» ያለው?

ኧረ በናታችሁ! ከሱፐርማርኬት ሻጭ እስከ ቲክቶክ «የጤና አማካሪ» ድረስ አንድ አፍ ሆነዋል፦ «ማታ ከመተኛትሽ በፊት ግሪን ቲ ጠጪ፣ ቦርጭ ያጠፋል፣ እንቅልፍም ይጋብዛል።» ጠጪዋ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ጣሪያ ላይ አፍጥጣ «ጭንቀት ይዞኛል መሰለኝ» ትላለች። የምን ጭንቀት፣ ሻዩ ነው እንጂ!

አረንጓዴውም ጥቁሩም ሻይ የአንድ ተክል ቅጠል ነው። አረንጓዴው እንደተቀጠፈ በእንፋሎት ወይም በምጣድ ስለሚሞቅ አይጠቁርም፤ ካፌይኑ ግን የትም አልሄደም። 240 ሚሊ ሊትር ግሪን ቲ ውስጥ ከ30 እስከ 50 ሚሊግራም ይገኛል፤ በዚያው መጠን ፊልተር ቡና ውስጥ 95 ገደማ። ያንሳል፣ አዎ። ማነስና አለመኖር ግን መቼ ነው አንድ የሆኑት?

ጉዱ ሲደመር ነው። ጤነኛ አዋቂ ከጠጣው ካፌይን ግማሹን ለማስወገድ በአማካይ 5 ሰዓት ይፈጅበታል። ከቀኑ 10 ሰዓት ቡና ተፈልቶ 100 ሚሊግራም ከገባ፣ ማታ 3 ሰዓት ላይ 50ው ገና ደም ውስጥ ነው። እዚያ ላይ 40 ሚሊግራም «የእንቅልፍ ሻይ» ሲጨመር 90 ደረሰ፤ ቡና ጠጥቶ አልጋ ላይ እንደ መውጣት ነው። ካፌይን ድካምን አያጠፋም፤ ድካምን ለአንጎል የሚያሳውቀው አዴኖሲን የሚያርፍበትን ቦታ ቀድሞ ይይዛል እንጂ።

በሌላ በኩል ደግሞ «ካቴኪኑ (ግሪን ቲ ውስጥ በብዛት ያለው ንጥረ ነገር) ጉበትን ስለሚዘጋ ካፌይኑ አይወጣም» እያሉ የሚያስፈራሩ አሉ። ካፌይንን በዋናነት የሚፈጨው ሲ ዋይ ፒ 1 ኤ 2 የሚባል የጉበት ኢንዛይም ነው። በቤተ ሙከራ ካቴኪን ይህን ኢንዛይም ሲያዳክም ታይቷል፣ እውነት ነው። ጤነኛ ሰዎች በቀን 800 ሚሊግራም ኢ ጂ ሲ ጂ (ዋናው የግሪን ቲ ካቴኪን) ለ4 ሳምንት ወስደው ሲለካ ግን በካፌይን አወጋገዳቸው ላይ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አልመጣም። ያ ደግሞ የብዙ ስኒ ሻይ መጠን ነው። (800ውን በእንክብል መዋጥ ለጉበት ሌላ ጣጣ አለው፤ ለክብደት ብላችሁ እንዳትሞክሩት።)

ኢንዛይሙን በእርግጥ የሚይዙትን ግን ማንም አያነሳቸውም! የእርግዝና መከላከያ እንክብል የ5 ሰዓቱን ጊዜ በእጥፍ ገደማ ያስረዝመዋል፤ በእርግዝና መጨረሻ ወራት 15 ሰዓት ሊደርስ ይችላል። ያ ሁሉ ሰው ቤቱ ያስቀመጠው ሲፕሮፍሎክሳሲን የሚባለው አንቲባዮቲክም ካፌይንን ያቆየዋል። ሲጋራ በተቃራኒው ያፋጥነዋል፤ ስለዚህ ያቆመ ሰው በዚያው በለመደው ሻይ እንቅልፍ ቢያጣ አይገርምም።

«ቴአኒን (ሻይ ቅጠል ውስጥ ያለ አሚኖ አሲድ) አለውኮ፣ ያረጋጋል!» የሚል አይጠፋም። ጥናቶቹ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጡት 200 ሚሊግራም ነው፤ አንድ ስኒ ውስጥ ያለው ከዚያ በብዙ ያንሳል፣ ካፌይኑን አስከትሎ ነው የሚመጣውም። «የመጀመሪያውን ውሃ ለ30 ሰከንድ ነክራችሁ ድፉት» የሚለው ዘዴም አይሠራም፤ በ30 ሰከንድ የሚወጣው ጥቂቱ ነው። አብዛኛውን ለማስወጣት ደቂቃዎች ይፈጃል፣ ያኔ ጣዕሙም ካቴኪኑም አብሮ ተደፋ።

መጠጣት የፈለገ ጠዋት ይጠጣው፤ 2 ግራም ቅጠል፣ 200 ሚሊ ሊትር ውሃ፣ 80 ዲግሪ ገደማ፣ 2 ደቂቃ። የፈላ ውሃ ቅጠሉን ያመርረዋል፣ ካፌይኑንም አብዝቶ ያወጣል። እንቅልፉ ስስ የሆነ ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ ይተወው። «ካፌይን የወጣለት» የሚለው ፓኬትም ጥቂት ሚሊግራም አይጠፋውም፤ ማቻ ደግሞ ቅጠሉ ተፈጭቶ እንዳለ ስለሚጠጣ ከሁሉም ይብሳል። ማታ ትኩስ ነገር ያማረው ጦስኝ ወይም ዝንጅብል ያፍላ፣ ሻይ ቅጠል ሳይጨምርበት! ቀረፋና ቅርንፉድ ስለገባበት ብቻ «የቅመም ሻይ ነው፣ ምንም አያደርግም» የምትሉት ነገርማ… እሱን ሌላ ቀን እንጨቃጨቅበታለን።