ክራሩን ከቁም ሳጥን አውጡልን

ባለፈው ሳምንት የምሠራበት መሥሪያ ቤት ማስታወቂያ ለጠፈ። በየአርቡ ከዘጠኝ ተኩል ጀምሮ የነበረን የኪነት ሰዓት ቀርቷል ይላል። ለምን ብለን ስንጠይቅ አንድ ኃላፊ «ሥራ ቦታ ሥራ ይሠራበታል፤ መዝፈን የፈለገ ቤቱ ይዝፈን» አሉ። ይሄን ሰምቼ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ሰዓት ይባክናል ነው የሚሉት። በሳምንት አንድ ሰዓት! የሰኞው ስብሰባ ጠዋቱን ሙሉ ይበላል፤ ስንወጣ ግን ምን እንደተወሰነ የሚያውቅ የለም። ስለ ባከነ ሰዓት የሚያወራ ሰው መጀመሪያ ስብሰባውን ያሳጥር።

ለመሆኑ ሥራና ዘፈንን ማን አጣላቸው? ደቦ ወጥቶ አፉን ዘግቶ የሚያጭድ ገበሬ ማን አይቷል? አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል፣ የደከመውም በዜማው ተይዞ ከእኩዮቹ ጋር ይሄዳል። አውድማ ላይ ለበሬው እንኳ ይዘፈንለታል። ወፍጮ ላይ የተንበረከከችው ሴትማ ለባሏና ለአማቷ ፊት ለፊት የማትናገረውን በእንጉርጉሮ ታወጣዋለች። መጁ ይሄዳል፣ ሆዷም ይተነፍሳል። ልብሽን ቤት ትተሽ እጅሽን ብቻ ይዘሽ ነይ ያላት የለም። ይህን አገር ያበላው እህል የታጨደውም የተፈጨውም እንዲህ ነው።

ቢሮ ከእርሻ ይለያል ካላችሁ፣ ወታደር ቤትስ? ክቡር ዘበኛ ኦርኬስትራ ነበረው። ጥላሁን ገሠሠ፣ ብዙነሽ በቀለ፣ ማህሙድ አህመድ እዚያ ዘፍነዋል። ፖሊስም የራሱ ኦርኬስትራ ነበረው። ጠመንጃ የያዘ ቦታ ካገኘለት፣ ማኅተም የያዘ እንዴት ያጣለታል?

የደርግ ጊዜ የቀበሌ ኪነት ያስመረራቸው ሰዎች አሉ፤ አውቃለሁ። ያኔ ግዴታ ነበረበት። የእኛ አርብ ላይ ግን የመጣው ሁሉ ወዶ ነው።

አንድ አርብ የጽዳት ሠራተኛችንና የሒሳብ ክፍሉ ልጅ አጭር ድራማ ሠሩ። ፋይላቸው ጠፍቶባቸው ከመስኮት መስኮት የሚንከራተቱ እናት ታሪክ ነው። እናትየዋን ሆና የተጫወተችው የጽዳት ሠራተኛዋ ናት። ኮሪደሩን ስትወለውል በየቀኑ የምታየውን ነው ያመጣችው። መዝገብ ቤት የምትሠራው ጓደኛችን አለቀሰች። ሰኞ ጠዋት ጠረጴዛዋን ወደ መስኮቱ አስጠግታ ባለጉዳዮችን በስማቸው መጥራት ጀመረች። ስንት ሥልጠና ወስደናል፤ እንዲህ ያደረገ አንድም አላየሁም።

የጥበቃው ጋሼ ቅኔ ቤት ያደጉ ሰው ናቸው። ስድስት ዓመት በር ሲከፍቱልን ይህን አናውቅም ነበር። ያወቅነው አርብ ዕለት፣ ተነሥተው ቅኔ ሲዘርፉ ነው። ከዚያ ወዲህ ሰላምታችን ራሱ ተለወጠ፤ በሩ ላይ ቆመን እንጠይቃቸዋለን፣ ያጫውቱናል። እኚህን ሰው ነው እንግዲህ «ቤትዎ ይዝፈኑ» የምንላቸው?

ክራሩ አሁን ንብረት ክፍል፣ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበታል። ዛሬ አርብ ነው። ዘጠኝ ተኩል ሲሆን ጋሼ ከጥበቃ ቤታቸው ብቅ ብለው ወደ አዳራሹ አዩ። ቁልፉን መልሱልን።