ለተከበሩ አቶ ሎቤድ (የተበላሸ መኪና ጀርባዎ ላይ ጭነው ለሚወስዱት)፣ ባሉበት ዳገት

ጉዳዩ፦ ምስጋና ስለማቅረብ

ክቡር ሆይ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔና ቶዮታ ዲኤክስ መኪናዬ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፣ ኪሴን ብቻ ትንሽ አሞታል።

ቅዳሜ ለት ከደብረ ሲና ወደ ጣርማበር ስወጣ ዲኤክሷ ፈላችና ዋሻው ጋ ሳትደርስ ቆመች። 8 ሰዓት አካባቢ ደብረ ብርሃን ደወልኩልዎ፣ 14 ሺህ አሉ። አምና የወንድሜን ከዚያው በ6 ሺህ አምጥተውለት የለ እንዴ ብዬ ተከራከርኩ፣ ድፍረቴን ይቅር ይበሉኝ። ላስብበት ብዬ ዘጋሁ። አስቤበት 10 ሰዓት ላይ ስደውል 18 ሆኗል። 11 ተኩል ላይ ጉሙ ከገደሉ ወጥቶ መኪናዋን ሲውጣት 22 ሺህ፣ እሱም "ሌላ ሰው ሳይቀድምህ"። ማን ነው የሚቀድመኝ፣ ጭላዳው?

ናፍጣ ጨመረ ይላሉ። እውነት ነው ጨምሯል፣ ከሐምሌ 2016 ወዲህ ዶላሩ ከ57 ብር ተነስቶ 100ን ሲዘል ጎማውም ዘይቱም አብሮት ዘሏል፣ ማደያ ሰልፍ ላይ ማደርዎንም አውቃለሁ፣ እኔም ከኋላዎ ነበርኩ። ግን ጌታዬ፣ ከ8 ሰዓት እስከ 11 ተኩል ናፍጣ ስንቴ ጨመረ? ስማ እንግዲህ፣ አንቱታው ይቆየንና፣ እዚያ መንገድ ላይ መሽቶብህ መኪና ውስጥ ማደር ምን ማለት እንደሆነ አንተም ታውቃለህ እኔም አውቃለሁ፣ ሚስቴ ከኋላ ልጅ አቅፋ በመስኮት በመስኮት ታያለች፣ አንተ ስልኩ ላይ ፀሐይዋን እየጠበቅክ ዋጋ ትቆልላለህ። ፍርሃቴን መልሰህ ለኔው ሸጥክልኝ።

ይቅርታ፣ ሞቅ ብሎኝ ነው። ወደ አክብሮቴ ልመለስ።

ደላላዎ 1 ሺህ ወስዷል፣ ስልክዎ ጎንዎ ላይ በትልቁ ተጽፎ እያለ። ዋሻው ጋ ስንደርስ "ለዋሻ" ብለው 500 ጨመሩ፣ እኔ ጣሊያን የቆፈረው ይመስለኝ ነበር፣ ለካ የአባትዎ ርስት ኖሯል። ደረሰኝ ስጠይቅ የሳቁት ሳቅ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ።

ጋቢና ለሚስቴና ለልጄ ብቻ ስለበቃ እኔን ላይ ዲኤክሷ ውስጥ ጫኑኝ። መስኮቷ አይዘጋም፣ የደብረ ብርሃንን ብርድ ደግሞ ለርስዎ አልነግርዎትም። መሪዋን ጨብጬ (ለምን እንደጨበጥኩ እኔም አላውቅ) ከተማ ስንገባ ሌላ ጊዜ የሚጠፋው መብራት የዛን ለት ቦግ ብሏል። ጀበና ቡና የሚጠጣው ወጣት ሁላ "ሙሽራው መጣ!" ብሎ አጨበጨበ። አማቴም ከማኅበር ሲመለሱ ቀና ብለው አይተውኝ አንገታቸውን ደፍተው ሰላም አሉኝ፣ እኔም ከዚያ ላይ ሆኜ፣ ምን ይደረጋል፣ ጎንበስ ብዬ ግንባሬን ከክላክሱ ጋር አጋጨሁትና አገር ሁሉ ዞረ። በማግስቱ ደውለው "ሾፌር ቀጠርክ እንዴ ልጄ?" አሉኝ።

እንግዲህ ሌላ አላስቸግርዎትም፣ አንድ ነገር ብቻ፦ ክሪኬ እርስዎ ላይ ቀርቷል። በስንት እንደሚመልሱልኝ ዛሬውኑ ሳይመሽ ይንገሩኝ።