ድራማ ሳላይ፣ ከሳላይሽ

ቴሌቪዥን የለኝም። ደሴ ከገባሁ ጀምሮ ገዝቼ አላውቅም፤ መግዛትም አላስፈለገኝም። ሆኖም የዚህ ሳምንት ድራማና ኮሜዲ አንድም አላመለጠኝም። ማን ከማን እንዳረገዘች፣ የትኛው ወንድም የትኛውን እንደካደ፣ የትኛው ኑዛዜ ፎርጅድ እንደሆነ አንድ በአንድ አውቃለሁ። የነገሩኝ ድራማ የማያዩ ሰዎች ናቸው። ውለታቸው ስለከበደኝ ነው ዛሬ ላመሰግናቸው የተነሳሁት።

ታውቋቸዋላችሁ። «እኔ እንኳ ድራማ አላይም» ብለው ይጀምራሉ። «እንኳ» የምትለዋን ልብ በሉ። እሷን ከሰማችሁ ወንበር ሳቡ፤ ትንሽ ትቆያላችሁ።

የምንኖረው ሳላይሽ ነው። ድራማ ለማያይ ሰው ከዚህ የተሻለ የሰፈር ስም ከየት ይመጣል? አከራዬ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ቴሌቪዥን የገዙት ለዜና ነው፤ ይህንን ራሳቸው ነግረውኛል፣ ደጋግመው። ዜናው ምሽት 2 ሰዓት ላይ ይጀምራል። ጋሼ ጋቢያቸውን ደርበው ከሩብ ጉዳይ ጀምሮ ይጠብቃሉ። ዜናው ሲያልቅ ማጥፋት ነው እንግዲህ። ግን ሪሞቱ ሩቅ ነው። ከተማው ደግሞ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ጦሳ ተራራ ሥር ነው ያለው፤ በዚህ ብርድ ከጋቢ ወጥቶ ሪሞት መፈለግ ቀልድ አይደለም። ስለዚህ እንደተከፈተ ይቆያል። ጣቢያው ብቻ በራሱ ጊዜ ይቀየራል።

ቅዳሜ ከሰዓት ባለቤታቸው እትዬ ጎረቤት ጠርተው ቡና ያፈላሉ። አቦሉ ሲቀዳ ድራማ የሚያይ ሰው ቤቱ ውስጥ የለም። «ጊዜውስ የት አለና!» ይባላል። «ልጆቹ ናቸው እንጂ» ይባላል። ቶናው ላይ አንዷ «ልጆቹ ሲያዩ እንዲያው በጆሮዬ ጥልቅ ያለው...» ብላ ታነሳለች። በጆሮዋ ጥልቅ ያለው ወሬ የአማቲቱን ቀሚስ ቀለም ሳይቀር ይዟል። አረንጓዴ በጆሮ እንዴት እንደሚሰማ አልጠየቅኩም። በረካው ላይ ለቅሶ ነው። ባለፈው አንዲት እንግዳ ሴት ዘግየት ብላ ስትገባ «ምስኪን፣ ሁለት ልጆች በትና ሄደች» የሚለው ላይ ደረሰች። ደንግጣ ነጠላዋን አዘቀዘቀች። «ቀብሩ መቼ ነው?» አለች። «ማክሰኞ፣ 3 ሰዓት» አሏት። እውነታቸውን ነው፤ ቀጣዩ ክፍል ማክሰኞ 3 ሰዓት ነው።

ፒያሳ ያለው ፀጉር አስተካካዬ ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል። ቴሌቪዥኑ ከጀርባው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ እሱ ፊቱን ወደ መስታወቱ አዙሮ ይሠራል። «እኔ እኮ ዞር ብዬ አይቼ አላውቅም» ይላል። አይዞርም፣ ምስክር ነኝ። በመስታወት ነው የሚያየው። በእሱ ዓለም ግራኝ ሰው ሁሉ ቀኝ ነው፤ ከዚያ ውጪ ታሪኩ አልተዛባበትም። ባለፈው ረቡዕ ልጅቷ ደብዳቤውን ልትከፍት ስትል ማሽኑ ጆሮዬ ላይ ቆመ። ደብዳቤው እስኪነበብ እኔም ሳልነቃነቅ ጠበቅኩ። የቀኝ ጎኔ ከግራው አጥሮ ወጥቻለሁ፤ በመስታወት ሲታይ ግን ልክ ነው።

ስለ አገር ውስጡ ድራማ የማያዩት ሰዎች አንድ ድምፅ ናቸው። ጥል ሁሉ ለምን ደረጃ ላይ ይሆናል ይላሉ። ቪላ፣ የሚያብረቀርቅ ደረጃ፣ እላይ የቆመ አባት፣ ታች የቆመ ልጅ። በኛ ቤት ውስጥ ደረጃ የለም፤ ደሴ ራሱ ደረጃ ስለሆነ ቤት ውስጥ መድገም አላስፈለገንም። ሐኪሙ መነጽሩን ካወለቀ በሽተኛው አልቆለታል፤ ይህን እትዬ ከወጥ ቤት ሆነው ነው የሚያውቁት። በልቡ የሚያስብ ሰው ደግሞ የለም፤ ሁሉም በድምፅ ነው የሚያስበው፣ ያውም በማስተጋቢያ። ከሁሉ በላይ ያስቀየማቸው ግን ሲኒው ነው። ተዋናዩ ባዶ ሲኒ ያነሳል፣ ፉት ይላል፣ «ደስ ይላል» ይላል። ሦስት ዙር በሚጠጣበት አገር ይህ ድፍረት ነው። እዚህ ላይ እኔም ከእነሱ ጋር ነኝ።

የቱርኩ ድራማ ጉዳይ ሰፊ ነው። በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን በአማርኛ የሚናገሩ የውጭ ድራማዎችን ይዞ ሲመጣ ብዙ የጥበብ ሰው ተቃውሞ ነበር። ጋሼም «ባህላችንን ሊበሉት ነው» ብለው ተቃወሙ። እስከ ዛሬ እንደተቃወሙ ናቸው። አንድን ነገር ለመቃወም ደግሞ ጠንቅቆ ማወቅ ያስፈልጋል፤ መምህር አይደሉ? ስለዚህ አንድም ክፍል አያልፋቸውም። ቢያልፋቸው በማግስቱ ድጋሚውን ይቃወማሉ። አሁን የኢስታንቡሉን ቦስፎረስ ከኛው ወንዝ ከቦርከና በላይ ያውቁታል። የትኛው ቤተሰብ በየትኛው ዳርቻ ቪላ እንዳለው በጣታቸው ጠረጴዛው ላይ ይሥሉላችኋል።

ትልቁ ነቀፋቸው መንዛዛቱ ነው። ምክንያት አለው። ቱርኮች በአገራቸው አንድ ድራማ በሳምንት አንዴ ነው የሚያሳዩት፤ አንዱ ክፍል ከ2 ሰዓት በላይ ይሄዳል። ያ ሁሉ ጊዜ በሙዚቃና በመተያየት ይሞላል። ወደ ውጭ ሲሸጥ ይቆራረጥና በየቀኑ ይበተናል። እንግዲህ ልጅቷ ሰኞ በር ላይ ቆማ «አንድ ነገር ልነግርህ ነው» ካለች፣ የምትነግረው ሐሙስ ነው። እስከዚያ የኮምቦልቻን መንገድ ዳገት፣ ሐረጎን፣ ስንቴ ወጥቶ መውረድ ይቻላል። ጋሼ ግን ከሰኞ እስከ ሐሙስ በሩ ላይ አብረዋት ይቆማሉ፤ ለነቀፋ።

ኮሜዲው ላይ ብዙ አልቆይም። ይጮሃሉ፣ ይወድቃሉ፣ ከዚያ ቀልዱን ያብራሩታል። አንድ ነገር ብቻ ሳልናገር ባልፍ ሰፈሩ አያስገባኝም፤ የወሎዬው ነገር። ኮሜዲ ላይ ወሎዬ ከመጣ በየዓረፍተ ነገሩ «አብሽር» ይላል። ይስቃል፣ ይቅማል፣ ማንንም ካገኘ ያሽኮረምማል። ሥራ የለውም። ጎረቤቶቼ በዚህ ክፉኛ ተቆጥተዋል። «እኛ መቼ እንዲህ እናወራለን?» አሉ፤ አንዱም «አብሽሩ፣ እኛ አናየው» ብሎ አረጋጋቸው።

ስለ ሳቁም ላንሳ። በ1950ዎቹ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ቻርሊ ዳግላስ የሚባል አሜሪካዊ የድምፅ ባለሙያ የተቀዳ ሳቅ የሚያወጣ ማሽን ሠርቶ ነበር። ቁልፍ ሲጫን ሳቅ፣ ሌላ ሲጫን ፈገግታ ቢጤ። ሰውየው በከንቱ ደከመ። ከወጥ ቤት ሆኖ ኮሜዲ የማያይ ሰው የሚስቀውን ሳቅ የትኛውም ማሽን አያወጣም። ተመልካቹ ሳይስቅ ይስቃል። አንዳንዴ ቀልዱ ሳይነገር ይስቃል፤ ድጋሚ ነዋ።

ለዚህ ሁሉ የተከፈለውን መሥዋዕትነት ደግሞ አትርሱ። ጣቢያዎቹ ከናይልሳት ወደ ኢትዮሳት የዞሩ ጊዜ ዲሽ ሁሉ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ መዞር ነበረበት። ጋሼ ቆርቆሮው ላይ ወጡ። ጉም ነበር፤ ከታች እግራቸው ብቻ ይታያል። እትዬ ከውስጥ «መጣ! ሄደ! ኧረ ወደ ግራ!» ይላሉ። ሦስት ሰዓት ፈጀ። በመጨረሻ ዜናው ጥርት ብሎ መጣ። ጋሼ ግን ከላይ ሆነው «ሌላውስ? ሌላውስ መጣ?» ይሉ ነበር። ሌላው የቱ እንደሆነ አልተናገሩም።

ቴሌቪዥን አገራችን የገባው በ1957 ዓ.ም. ነው። ጋሼ ሲያወሩ፣ በሰፈር አንድ ቤት በነበረበት ዘመን «አላይም» የሚል ሰው አልነበረም። በመስኮት ሳይቀር ይታይ ነበር፤ ልጅ ተልኮ፣ ግቢ ጠርጎ ነበር የሚገባው። አለማየት የመጣው እያንዳንዱ ቤት አንድ አንድ ሲገባለት ነው። ሥልጣኔ ነው።

ሐሙስ ማታ 3 ሰዓት ከሩብ ላይ ልጅቷ በመጨረሻ አፏን ከፈተች። መብራት ጠፋ።

የሰፈሩ ሰው በአንድ ድምፅ «ኧረ!» አለ። ከላይ እስከ አስፋልቱ ድረስ። ከዚያ ሁሉም ዝም አለ፤ ማን እንደጮኸ የሚያውቅ የለም። ጋሼ ባትሪ ይዘው በረንዳ ላይ ወጡ። «ምንድን ነው የሚጮኸው?» አሉኝ። እንጃ አልኩ። ትንሽ ተንቆራጠጡ። ስልካቸውን አወጡና ኮምቦልቻ ያለችው እህታቸው ጋ ደወሉ። ቁልቁል ሃያ ምናምን ኪሎ ሜትር ነው፤ እነሱ ጋ መብራት አለ። እህታቸውም ድራማ አታይም።

«እንዴት አመሻችሁ? ልጆቹ ደህና ናቸው? ሙቀቱስ?» አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እሺ... እሺ... ከዚያስ?» ካርዱ እየነደደ ነው፤ እሳቸው ቁጭ አሉ። «አባቱ ሰማ? ... በለው! ... ፈረመች እንዴ?»

ቀና ሲሉ እኔን አዩኝ። ስልኩን በእጃቸው ሸፈን አድርገው፣

«የውጭ ዜና ነው» አሉኝ።